በስምንት በር የወደቀው ግድግዳ

ግድግዳው ሲወድቅ ራዚያ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች ነበር። ጎህ ቀዷል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያደረው የግንቦት ዝናብ አባርቶ ከቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ብቻ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ እንደ ሳል ያለ ድምፅ ሰማች፤ ቀጥሎ የጭቃው ግድግዳ ወገቡ ላይ ጎበጠና ዝርግፍ አለ። አቧራ ይነሣል ብላ ዓይኗን ጨፈነች፤ ጭቃው እርጥብ ስለነበር አቧራ የሚባል ነገር አልነበረም። ዓይኗን ስትገልጥ ከፍርስራሹ ማዶ ጎረቤቷ ወልደዮሐንስ በቁምጣና በካናቴራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያያታል። አንዱን ካልሲ አጥልቋል፣ ሌላው በእጁ ነው። ሥርዓት አጓድሎ የማያውቅ ሰው ነውና ካልሲውን ከኋላው ደበቀና ከወገቡ ዝቅ ብሎ «እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ራዚያ» አላት። ራዚያም ሻሿን ከትራሱ ሥር እየጎተተች «አልሐምዱሊላህ፣ እናንተስ እንዴት አደራችሁ?» አለች። ሌላ ምን ይባላል?

ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። የራዚያ አራት ልጆች የሚተኙት በወዲያኛው ጥግ ነው፤ የወልደዮሐንስ ሕፃን እናቷ ጉያ ውስጥ ነበረች። የስኳር ጣሳ ተጨፍልቋል፣ አንድ ፋኖስ ተሰብሯል፤ የቀረው ጭቃና እንጨት ነው።

ስምንት በር የሚባለው ዲላ ከተማ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ያለ ተርታ ቤት ነው። በጃንሆይ ጊዜ አንድ የቡና ነጋዴ ለሠራተኞቹ ብሎ አንድ ረጅም ቤት አሠራና እንደ ዳቦ ቆራርጦ ለየቁራጩ በር አወጣለት። ጣሪያው አንድ፣ አሸንዳው አንድ፣ መጸዳጃው አንድ ነው። ክፍሎቹን የሚለያየው የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ጣሪያው ድረስ አይዘልቅም፤ ከቆርቆሮው በታች አንድ ክንድ ያህል ክፍት ነው። ስለዚህ አንደኛው በር ሽንኩርት ሲያቁላላ ስምንተኛው በር ይርበዋል፤ ሦስተኛው በር ባልና ሚስት ሲጣሉ አምስተኛው በር ማን እንዳጠፋ ያውቃል። ቤቶቹ ተወርሰው የቀበሌ ሲሆኑ ኪራዩ በግማሽ ወርዶ ነበርና ሰው እልል ብሏል። ያኔ ያልታሰበው ነገር የኪራዩ መርከስ ምስማሩንም ይዞት እንደሚሄድ ነው። ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ተከራይ ያለ ፈቃድ ምስማር አይመታም፤ ቀበሌው ደግሞ ምስማር መግዣ በጀት የለውም። በዚህ መሐል ዝናቡ ፈቃድ ሳይጠይቅ ሥራውን ሲሠራ ኖረ።

ራዚያና የወልደዮሐንስ ሚስት ጥሩብርሃን ከተኮራረፉ ወራት አልፈዋል። ነገሩ የውሃ ነው። ጥሩብርሃን የሕፃን ጨርቅ ታጥብና እጣቢውን ጓሮ፣ ግድግዳው እግር ሥር ትደፋዋለች፤ ውሃውም ሰርጎ በራዚያ አልጋ ሥር ብቅ ይላል። ራዚያ አንድ ጊዜ በደህና ቃል ነገረቻት፤ ሁለተኛውን በደህና ቃል አልነበረም፤ ቀጥላም ቀበሌ ሄዳ አቤት አለች። «ግድግዳዋ የመንግሥት ናት፣ ያንቺ ናት እንዴ?» አለች ጥሩብርሃን። አፏን የፈታችው በጌዴኦኛ ነውና በእሷ አማርኛ ግድግዳም ሴት ናት። ከዚያ ወዲህ ዝም ተባባሉ። ኩርፊያ ደግሞ ሰፊ ግቢ ላለው ሰው ነው የሚያምረው። እነሱ የሚተኙት ራስጌያቸውን ከአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ አስጠግተው ስለነበር አንዷ ስትገላበጥ ሌላዋ ትሰማለች። ራዚያ ሕፃኗ ስትስል ትሰማ ነበር። የነወልደዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ትእዛዝ ከታሸገ በኋላ እሑድ እሑድ ማለዳ ቤተሰቡ በሹክሹክታ ሲዘምርም ትሰማ ነበር። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም። ለመናገርም አስባ አታውቅም፤ የሰው ጸሎት ምን ይወራል?

ሌላ ሰው ቢሆን በወደቀው ግድግዳ ፈንታ አንሶላ ሰቅሎ ይመካከር ነበር። ወልደዮሐንስ የአውራጃው እርሻ ቢሮ ጸሐፊ ነው፤ ካልሲውን አሟልቶ፣ ኮቱን ደርቦ፣ ቀበሌው ሳይከፈት ደጁ ላይ ቆመ። የመንግሥት ንብረት ጉዳት ደርሶበታልና ማስታወቅ ግዴታው ነው። የአንደኛው በር ሸዋነሽ ጠላ ሻጭ ናት፤ የተርታው አንደበትም እሷው ናት። ጥግ ታጥፎ ሲሄድ ስታየው ራሷን ያዘች። «ይሄ ሰው ሄዶ ሊናገር ነው? ምነው እግሩን ቁርጥማት በያዘው!»

ረፋዱ ላይ የቀበሌው የቤቶች ተጠሪ ከፈለኝ መጣ። ከፈለኝ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራ እንዳይበዛበት የሚፈልግ ሰው ነው፤ አንዳንዴ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከክፉው አያንስም። ፍርስራሹን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና ጥቂት አሰበ።

«ግድግዳ የለም» አለ።

«ነበረ፣ ጓድ። ወድቆ ነው» አለ ወልደዮሐንስ።

«አሁን የለም። ማሠሪያ በጀትም የለም። ግድግዳ ከሌለ ይሄ አንድ ቤት ነው፤ አንድ ቤት ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ ነው።» ከፈለኝ የተናገረው ነገር ራሱንም ደስ አሰኘው። በአንድ ጊዜ ግድግዳ ከመሥራት ዳነ፤ በዚያ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት አገኘ። «አስር ሰዓት ላይ ኮሚቴው መጥቶ አይቶ ይወስናል። አንደኛው ቤተሰብ ይቆያል፤ ሌላው፣ ቤት እስኪገኝ፣ የቀበሌው አዳራሽ ይገባል።»

አዳራሽ የገባ ሰው ምን እንደሚሆን ስምንት በር ሁሉ ያውቃል። ባለፈው ዓመት ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች እስካሁን እዚያው ሲሚንቶ ላይ ናቸው፤ ስብሰባ ሲኖር ፍራሻቸውን ጠቅልለው ደጅ ይወጣሉ።

ከፈለኝ ሲወጣ ራዚያን በዓይኑ ጠርቶ በረንዳው ጫፍ ላይ አቆማት። «ቀድመሽ የገባሽው አንቺ ነሽ፤ ልጆችሽም ብዙ ናቸው» አላት። «ኮሚቴው ፊት አንድ ቃል ይበቃል። ግድግዳውን የጣለው የነሱ ውሃ ነው፣ አይደል? አቤት ብለሽ ነበር፣ ትዝ ይለኛል።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሌላም በግድግዳው የምትሰሚው ነገር ካለ…» አለና ሳይጨርሰው ተወው። ራዚያ «ልጆቹን ቁርስ ላብላ» ብላ ገባች።

ባሏ ነጅሙዲን በጭነት መኪና ወደ ገደብ ከተማ ሄዷል፤ ሲመሽ ይመለሳል፤ የሚያማክራት ሰው የለም። ልጆቹን ትምህርት ቤት ሸኝታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና ወዲያ ማዶ ያለውን ክፍል አየችው። አታሳዩኝ ልትል አትችልም፤ ፊት ለፊቷ ነው። የጓሮ መስኮት አለው። የሷ ክፍል መስኮት የለውም። ትልቋ ልጇ ሀዲጃ ማታ ማታ የምታጠናው የሁሉም እግር ተሰብስቦላት፣ ፋኖሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ነው። መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ቢኖራትስ? ልጆቹ እዚያ፣ እሷና ነጅሙዲን እዚህ ቢተኙስ? አሥራ ሰባት ዓመት በትዳር ስትኖር ከባሏ ጋር ልጆች ሳይሰሙ ያወራችው በጣት የሚቆጠር ነው። አልጋውን በሐሳቧ አዛወረችው፤ ሳጥኑን አስጠጋችው። ለምን ይዋሻል፣ ደስ አላት። ውሃውም የነሱ ነው። አንድ ቃል ብትናገር ሐሰት አይሆንባትም።

በዚያኛው በኩል ጥሩብርሃን ሕፃኗን አዝላ ዕቃ ታስራለች። አላለቀሰችም፣ አልለመነችም፣ ወደ ራዚያም ቀና አላለችም። ሁለት ድስት፣ አንድ ገንቦ፣ የወልደዮሐንስ ሸሚዞች። ሰው ሊያባርረኝ ነው ብላ ቤቷን ቆሻሻ ትታ የምትሄድ ሴት አይደለችምና መጥረጊያዋን አንሥታ መጥረግ ጀመረች። ከደጃፏ ተነሥታ፣ ጎንበስ ብላ፣ የጭቃውን ፍርፋሪ እየሰበሰበች መጣች። በሌላ ቀን መጥረጊያው ግድግዳው ጋ ሲደርስ ይቆማል። ዛሬ የሚያቆመው ነገር የለም። ፍርስራሹን ዞራ ቀጠለች፣ የራዚያን ሳጥን ፊት ጠረገች፣ አልጋው ሥር ገባች፣ የወደቀ የልጅ እርሳስ አወጣችና ወንበር ላይ አስቀመጠች። የራዚያን እግር ስታይ ነው የት እንዳለች ያወቀችው። ደንግጣ ቀጥ አለች። መጥረጊያውን ይዛ ወደ ኋላ መመለስ ጀመረች።

«ከጀመርሽ አይቀር ጨርሺው» አለች ራዚያ።

ከወራት ወዲህ የተነጋገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ጥሩብርሃን ተመልሳ የቀረውን ጥግ ጠረገችው።

«አዳራሽ ልትገቡ ነው?» አለች ራዚያ።

«እና የት ልግባ?»

«ሲሚንቶ ላይ? ይቺን የምትስል ልጅ ይዘሽ?»

«ስትስል ትሰሚያለሽ?»

«ታዲያ ሳልሰማ የት እሄዳለሁ!» ራዚያ ከአልጋው ብድግ አለች። ተናዳለች፤ በማን እንደተናደደች ግን ለጊዜው አልገባትም። በዚህች ሴት አልነበረም። መስኮቱን አንድ ጊዜ ደግማ አየችው። ከዚያ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ከፍርስራሹ አንድ እፍኝ ጭቃ አንሥታ በጣቷ ፈረከሰችው። «ይሄ አሮጌ ጭቃ ነው። ድሮ ቦክቷል፣ ጭዱም ውስጡ አለ። አዲስ ቢሆን ሳምንት ይፈጅብን ነበር፤ ይሄ የሚፈልገው ውሃ ብቻ ነው። እስከ አስር ሰዓት ግድግዳ ካለ ሁለት ቤት ነው። ልጅቷን ለሸዋነሽ ስጫትና ነይ።»

ሸዋነሽ ነገሩን ስትሰማ ሕፃኗን በአንድ እጇ ተቀብላ በሌላው የጠላ ማገዶዋን ቁልል አሳየች። ቀጫጭን የባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ ለማገር ይሆናል። የሌሎቹ በሮች ሴቶች ግን እየፈሩ ተሰበሰቡ። ያለ ፈቃድ የመንግሥት ቤት መሥራት ቀልድ አይደለም። ራዚያም በረንዳው ላይ ቆማ «ዛሬ እኛ አንድ ቤት ከሆንን ነገ የማን ተራ ነው? እስቲ ግድግዳው ቀጥ ብሎ የቆመለት ሰው እጁን ያውጣ!» አለች። እጁን ያወጣ የለም። አንዲቷ ወደ ቤቷ ገባች፤ ፈርታ ሸሸች ሲሏት ባልዲ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ከቦኖው እስከ ስምንት በር ያለው መንገድ በባልዲና በጀሪካን ተሞላ።

ወልደዮሐንስ ከቢሮው አስፈቅዶ ሲመጣ ሥራው ተጧጡፎ አገኘው። «ፈቃድ የለንም እኮ» አለ፤ ድምፁ እንደ ታመመ ሰው ነው። «ያንተ ፈቃድ ነው እዚህ ያደረሰን! ሱሪህን ሰብስብ!» አለችው ሸዋነሽ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ፤ ካልሲዎቹን አጥፎ ጫማው ውስጥ ከተተ፤ ጭቃውን ይረግጥ ጀመር። ሕግ እየጣሰ መሆኑ ፊቱ ላይ ይነበባል። እግሩ ግን ጎበዝ ነበር።

ምስማር አልነበረም። ጥሩብርሃን ያደገችው በጌዴኦ ገጠር፣ ወርቃ ነው፤ አባቷ ቤት ምስማር የሚባል ነገር አልነበረም፤ አጥሩም በሩም የሚታሰረው በእንሰት ቃጫ ነው። ዕቃ ያሰረችበትን ቃጫ ፈትታ በጥርሷ ይዛ፣ ማገሩን ሳይወድቅ ከቀረው ቋሚ ጋር እያጠላለፈች ስትሄድ እጇን መከተል ያስቸግር ነበር። ከዚያ ምርጊቱ መጣ። ጭቃ ግድግዳ የሚመረገው ከግራና ከቀኝ እኩል ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ ከተመታ በማገሩ ሾልኮ በወዲያኛው ይወድቃል። አንዷ እዚህ ስትለጥፍ ሌላዋ ማዶ እዚያው ቦታ ላይ መግፋት አለባት። ወልደዮሐንስና ጎረቤቶቹ ጭቃ ያቀብላሉ፤ ራዚያ በዚህ፣ ጥሩብርሃን በዚያ ቆሙ። ግድግዳው ከጉልበታቸው ሲያልፍ፣ ከወገባቸው ሲያልፍ፣ አንዷ የሌላዋን ፊት በማገሩ መሐል ብቻ ታያለች። በኋላ እሱም ተሸፈነ።

«እዚህ ጋ ነሽ?» ትላለች ራዚያ።

«ወደ ላይ። እሺ፣ ግፊ።»

በእርጥቡ ጭቃ ውስጥ የሌላዋ መዳፍ ሲገፋ ይሰማል። እንዲህ ሲሠሩ ቆይተው ጥሩብርሃን ከማዶ «የሀዲጃ እናት» አለች። «ውሃውን በንቀት አልነበረም። ሕፃን አዝዬ መንገድ ድረስ ለመሄድ ወገቤ እምቢ ብሎኝ ነው። ከወለድኩ ወዲህ ወገቤ ደህና አይደለም።»

ራዚያ እጇን ከጭቃው አላነሣችም። «ለምን እንዲህ ብለሽ አልነገርሽኝም?»

«ጮህሽብኛ።»

«ጮኼብሻለሁ» አለች ራዚያ። ቀጥላም «ከእንግዲህ ሀዲጃ ትደፋልሻለች። ዋናው ወገብሽ ነው፣ ጥሩ» አለች። ከዚያ በላይ የሚናገሩበት ጊዜ አልነበረም፤ ስምንት ሰዓት አልፏል።

አስር ሰዓት ላይ ከፈለኝ ሁለት የኮሚቴ አባላት አስከትሎ መጣ። አንደኛው ጨርቅ ነጋዴ የነበሩት ሽማግሌው አህመድ ናቸው። በራዚያ በር ገቡ። ከአንድ ክንድ የጣሪያ ሥር ክፍተት በቀር ግድግዳው ቆሟል፤ ውሃው ገና ያብረቀርቃል፤ የእጅ ጣት ምልክት ሞልቶበታል። ከፈለኝ እጁን ሰዶ ነካው፤ መዳፉ ጭቃ ሆነ። ጭቃውን የት እንደሚጠርገው ጠፋው።

«ማን ፈቅዶላችሁ ነው?» አለ። ቀጥሎ ወደ ራዚያ ዞረ። «ለመሆኑ ፊተኛውን የጣለው ምንድን ነው? ንገሪያቸው እስቲ።»

ራዚያ አፏን ሳትከፍት በሩ ላይ የቆመችው ጥሩብርሃን «የኔ ውሃ ናት» አለች። ቀጥ ብላ፣ ሁለት እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ እንደሆነ። «እኔ ነኝ የደፋኋት። ራዚያ ነግራኝ ነበር፣ አልሰማኋትም።»

ከፈለኝ ፊቱ በራ። ወልደዮሐንስ ዓይኑን ጨፈነ። ራዚያ ግን ጮኸች፤ እሷም ራሷ የደነገጠችበት ጩኸት ነው። «የምን ውሃ! የሕፃን ጨርቅ እጣቢ ነው ቤት የሚጥለው? ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድ ያደረው እኛ ቤት ብቻ ነው እንዴ? አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው መጥቶ ይሄን ግድግዳ አላየውም። ዛሬ ሲወድቅ ነው ሁላችሁ የመጣችሁት! እኔ ክሴን ትቼዋለሁ። ቤቴ አንድ ክፍል ነው፤ አንድ ክፍሌን ተዉልኝ።»

ከፈለኝ ተቆጣ። «ያለ ፈቃድ የተሠራ ግድግዳ ይፈርሳል!»

ወልደዮሐንስ ጉሮሮውን ጠረገ። ሱሪው አሁንም እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል። «ጓዶች፣ ያለ ፈቃድ መሥራታችን ጥፋት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ግድግዳው የመንግሥት ቤት ላይ ስለቆመ አሁን የመንግሥት ንብረት ነው። እሱን ለማፍረስም ፈቃድ ያስፈልጋል። ለአውራጃው ማመልከቻ ይጻፋል፤ ምክንያቱ ይዘረዘራል፤ ባለሙያ መጥቶ ይገምታል፤ ፍርስራሹን የሚረከብ ሰውም መመደብ አለበት። ጓድ ከፈለኝ ከፈቀዱ ማመልከቻውን እኔ አሁኑኑ አረቅቅላቸዋለሁ።» ሰውየው እያሾፈ አልነበረም። ከልቡ ነው፤ ኪሱ ውስጥ እስክሪብቶ ይፈልግ ነበር።

ከፈለኝ ማመልከቻውን፣ ገማቹን፣ ርክክቡን በሐሳቡ አየ። ደከመው። ሽማግሌው አህመድ በሳል አስመስለው ሣቃቸውን ዋጡና በከዘራቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ። «ጠዋት ግድግዳ ከሌለ አንድ ቤት ነው ብለኸን አልነበር?» አሉ። «ይኸው ግድግዳ አለ። እንግዲህ ሁለት ቤት ነው። ልጄ፣ እጅህን ታጠብና እንሂድ።» ራዚያ ራሷ ውሃ አፈሰሰችለት፤ ከፈለኝም «ሲደርቅ እናየዋለን» ብሎ ወጣ።

ሲመሻሽ ነጅሙዲን ከገደብ መጣ። ሸዋነሽ ከአንደኛው በር ላይ ይዛው ወሬውን በሙሉ ስላራገፈችበት ቤቱ ሲደርስ ግማሹ ገብቶታል፣ ግማሹ አልገባውም። ራት ቀርቦለት እንኳ እጁን አልሰደደም። ድምፁን ቀንሶ «ሁለት ክፍል» አለ። «ራዚያ፣ ሁለት ክፍል እኮ ነው። መስኮት ያለው።»

«አውቃለሁ።»

«ደግሞ ከሴትዮዋ ጋር አትነጋገሩም አልነበር?»

ራዚያን መስኮቱ ቆጭቷታል፤ ለሀዲጃ ስትል ቆጭቷታል፤ ነገም ይቆጫት ይሆናል። ያም ሆኖ ዛሬ ማታ አዳራሹ ሲሚንቶ ላይ የምትስል ሕፃን የለችም። ይህን ለባሏ እንዴት አድርጋ እንደምትነግረው ስታስብ ነጅሙዲን የረጅም መንገድ ድካሙ መጣበትና በረጅሙ ተንፍሶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ጀርባውን ወደ ግድግዳው ጣል አደረገ።

«አትደገፈው!» ብላ ጮኸች ራዚያ።

በዚያችው ቅጽበት ከማዶ፣ በእሷው ድምፅ ልክ፣ ጥሩብርሃን ባሏን «አትደገፈው!» አለችው።

ሁለቱም ወንዶች በየቦታቸው ቀጥ አሉ። ከዚያ በዚህ በኩል ራዚያ፣ በዚያ በኩል ጥሩብርሃን መሣቅ ጀመሩ፤ ሣቁም በጣሪያው ሥር ባለችው ክፍተት ወዲህና ወዲያ ይል ጀመር።